ድንጋይና ጉልበት

አዲስ አበባ ውስጥ «ሜክሲኮ» ሲባል መቼም ቀድሞ ጆሯችን ላይ የሚያቃጭለው የታክሲ ረዳቱ ጥሪ ነው። አደባባዩ ስሙን ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ወርሮ «የእኔ ናት» ሲል አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። እነሱም በዋና ከተማቸው በእኛ ስም የሚጠራ የምድር ባቡር ጣቢያ አላቸው። ይሄ የወዳጅነት ታሪክ ብዙ ጊዜ ተነግሯልና አልደግመውም። ዛሬ ላወራችሁ ያሰብኩት ከዲፕሎማሲው ዝቅ ብሎ ወለል ላይ ስለሚገኝ ነገር ነው፤ ስለ ሜክሲኮ ወጥ ቤት ድንጋዮች።

«እኛ ምን ቤት ነን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ቤተኞች ነን እንጂ! በርበሬያችን ዘሩ የመጣው ከዚያ ነው። በቆሎውም፣ ቲማቲሙም እንደዚሁ። እንዲያውም «ቲማቲም» የሚለው ቃል ራሱ ሥሩ ቢመዘዝ አዝቴኮች ይናገሩት የነበረው የናዋትል ቋንቋ ዘንድ ይደርሳል፤ እነሱ «ቶማትል» ይሉታል። አቮካዶም «አዋካትል» ነው። ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ዘሩ ባሕር ተሻግሮ ዓለምን አዳረሰ። ድንጋዩ ግን እዚያው ቀረ። ድንጋዩ መቅረቱ ደግሞ ብዙ ሰው ገድሏል፤ እሱን ስንደርስበት እናየዋለን።

ድንጋዮቹ ሁለት ናቸው። ትልቁ «ሜታቴ» ይባላል። የእኛ ወፍጮ የሥጋ ዘመድ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ጠፍጣፋ ነው፣ ከፈጪዋ ወደ ፊት ዘመም ይላል፣ ብዙውን ጊዜም በሦስት አጫጭር እግሮች ይቆማል። መጁ በሁለት እጅ የሚያዝ ረዘም ያለ ድንጋይ ነው። በናዋትል ወፍጮው «ሜትላትል»፣ መጁ ደግሞ «ሜትላፒሊ» ነው፤ የወፍጮ ልጅ እንደማለት። ትንሹ ድንጋይ «ሞልካሄቴ» ይባላል። «ሞሊ» ማባያ ነው፣ «ካሺትል» ደግሞ ሳህን። እሱም ባለ ሦስት እግር ነው፣ ግን ጎድጎድ ያለና ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ። በአንድ እጅ የሚያዝ «ቴሆሎቴ» የሚባል አጭር ድንጋይ አለው።

ሞልካሄቴን ሙቀጫ ብለን እንዳንገላገለው ሥራው ይለያል። ሙቀጫ በዘነዘና ይወቀጥበታል። እዚህ ግን የተጠበሰው ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጨውና ቲማቲሙ ተራ በተራ እየገቡ ከድንጋዩ ጋር ይታሻሉ። «ደቆሰ» የሚለው ግሳችን ይቀርበዋል። ጥንት ሁሉም ከድንጋይ ይሠሩ እንደነበርም አይምሰላችሁ። አርኪዮሎጂስቶች ከመሬት ካወጧቸው ውስጥ ብዙዎቹ የሸክላ ናቸው፤ ሸክላ ሠሪዋ ሳህኑ ሳይደርቅ ውስጡን በስለት ጭራ ሻካራ ታደርገዋለች።

ድንጋዮቹ የሚጠረቡት ከእሳተ ገሞራ ከሚገኘው፣ ቀዳዳ ከሚበዛበት ባዛልት ነው። ምስጢሩ ያለው ቀዳዳው ላይ ነው። እያንዳንዷ ቀዳዳ ጠርዝ አላት፤ ጠርዟ እህሉን ትይዛለች፣ ትቦጭቃለች። ጠርዟ ሲያልቅ ከሥሯ ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል። ሜታቴው ለስልሶ አላደቅ ሲል ደግሞ ይወቀራል። ወፍጮ ሲወቅሩ የኖሩ እናቶቻችን ይሄን ለመረዳት ሜክሲኮ ድረስ መሄድ አያስፈልጋቸውም።

ወደ ትልቁ ድንጋይ እንመለስ፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው።

የሜክሲኮ ሰው በቆሎን እንደ እኛ በደረቁ ፈጭቶ አይጋግርም። በቆሎው በኖራ ውሃ ይቀቀላል፣ እዚያው ውስጥ ያድራል። ሲነጋ በእጅ ሲታሽ ልጣጩ ይለቃል። ይህ «ኒሽታማል» ይባላል። ኖራው ሊጡ እንዲያያዝ ያደርጋል። ከዚያ የበለጠ ግን በበቆሎ ውስጥ ታስሮ ሰውነት ሊጠቀምበት የማይችለውን ኒያሲን የተባለ ቫይታሚን ይፈታዋል። ይህን ማንም ላቦራቶሪ ሳይነግራቸው ሺህ ዓመታት ሠርተውበታል።

ጣጣው ያለው እርጥብ በቆሎ አለመቆየቱ ላይ ነው። እኛ ጤፉን አስፈጭተን ዱቄቱን እናስቀምጣለን፤ እንጀራውም ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብታል። የሜክሲኮዋ እናት ግን ማታ የቀቀለችውን ጠዋት መፍጨት፣ የፈጨችውን ያኔውኑ መጋገር አለባት። ቶርቲያ የሚሏት ስስ ቂጣ ካደረች ትደርቃለች። ሊጡም አንዴ ተፈጭቶ አያበቃም፤ ሁለቴ ሦስቴ መመላለስ አለበት። አምስትና ስድስት ሰው ላለበት ቤት በቀን አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ሰዓት ይወስዳል። በዓል የለ፣ እሑድ የለ። ያውም ተንበርክኮ! አማርኛችን «ጉልበት» ብሎ የእግር መገጣጠሚያውንም ኃይልንም በአንድ ቃል መጥራቱ ሜታቴ ላይ ልክ ይመጣል። ያ ሁሉ ፒራሚድ፣ ያ ሁሉ የአዝቴክ ሠራዊት የበላው በሴት ጉልበት የተፈጨ በቆሎ ነበር።

ይህ ከመቼ ጀመረ ቢባል ሩቅ ነው። ኦአሃካ በተባለው ግዛት ጊላ ናኪትስ ከሚባል ዋሻ የተገኙ የበቆሎ ቆረቆንዳዎች ዕድሜያቸው ከስድስት ሺህ ዓመት በላይ ነው። ሪቻርድ ማክኒሽ የተባለው አርኪዮሎጂስትም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በቴዋካን ሸለቆ ዋሻዎችን ሲቆፍር የጥንት መፍጫ ድንጋዮችን አግኝቷል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን አንድ ሥዕል ነው።

«ኮዴክስ ሜንዶዛ» የሚባል መጽሐፍ አለ። ስፔኖች አዝቴኮችን ድል ካደረጉ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ የአገሬው ሠዓሊዎች የሳሉት ነው፤ ዛሬ እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ይገኛል። እዚያ ውስጥ የልጅ አስተዳደግ በዕድሜ በዕድሜው ተስሏል። ዕድሜው በነጠብጣብ ይቆጠራል፤ በየልጁ ፊትም የምትፈቀድለት ቶርቲያ ተስላለች። የሦስት ዓመት ልጅ ግማሽ ታገኛለች። አሥራ ሦስት ነጠብጣብ ያላት ልጅ ሁለት ቶርቲያ ተፈቅዶላታል፤ ከሜታቴ ፊትም ተንበርክካለች። እናቷ ከጎን ሆና ታስተምራታለች። ልጅቷ ምን እንደምታስብ ሠዓሊው አልነገረንም። መጁን ግን ጥብቅ አድርጋ ይዛለች።

በርናርዲኖ ደ ሳአጉን የተባለው ፍራንሲስካዊ መነኩሴ በ1529 ሜክሲኮ ገብቶ ዕድሜውን ሙሉ የአገሬውን ሰው እየጠየቀ የጻፈው አለ። ወንድ ልጅ ሲወለድ እትብቱ ለተዋጊዎች ይሰጥና ጦር ሜዳ ይቀበራል፤ የሴቷ ግን የሚቀበረው ቤት ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ ነው ይላል። ዕጣዋ ምግብና መጠጥ ማሰናዳት፣ መፍጨት እንደሆነ ለማሳየት ነው። ልጅቷ ገና ጡት ሳትይዝ የሥራ ቦታዋ ተቆፍሮላታል ማለት ነው።

ከድንበሩ ማዶ ጓቲማላ ያሉት የኪቼ ማያ ሕዝቦች ደግሞ «ፖፖል ቩህ» በተባለው መጽሐፋቸው ሁለት ነገር ይተርካሉ። አንደኛው የሰው ልጅ የተበጀው አሮጊቷ እመት ሽሙካኔ ከፈጨችው ቢጫና ነጭ በቆሎ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ከዚያ በፊት ስለነበሩት፣ ከእንጨት ስለተሠሩትና ልብ ስላልነበራቸው ሰዎች ይናገራል። አንድ ቀን የቤት ዕቃው ሁሉ ይነሣባቸዋል። ድስቱ፣ ውሻው፣ ወፍጮው! ወፍጮዎቹ ጠዋት ማታ ፊታችንን ስትፍቁ ኖራችኋል፣ አሁን ደግሞ እናንተን እንፈጫለን ብለው ይነሣሉ። በዚያ ተረት ውስጥ ድንጋዩ እንኳ ብሶቱን የሚናገርበት ቦታ ማግኘቱ ደስ ይላል። የእኛም እናቶች ወፍጮ ላይ ያንጎራጎሩት ብዙ ነው፤ የጻፈላቸው ግን ጥቂት ነው።

ስፔኖች ሲመጡ ምን ሆነ? በ1519 ኮርቴስ ታባስኮ ላይ ሲዋጋ የተሸነፉት ባላባቶች እጅ መንሻ አመጡለት። ከወርቁ ጋር ሃያ ሴቶች ነበሩ። የዘመኑ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ሴቶቹ የተሰጡት ለጦሩ ቂጣ እንዲጋግሩና ምግብ እንዲያዘጋጁ ነው። ይሄን ያህል ወንድ አብሮት የሚፈጭለት ሳይኖር መምጣቱ ሳያስገርማቸው አልቀረም። ከሃያዎቹ አንዷ ማሊንቼ ናት፤ በኋላ የኮርቴስ አስተርጓሚ ሆና የአገሪቱን ታሪክ ከቀየሩት ሰዎች አንዷ የሆነችው። ታሪክ የሚያስታውሰው ምላሷን ነው። የቀሩት አሥራ ዘጠኙ ምን ሆኑ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሲፈጩ ኖረዋል ብለን ብንገምት ብዙም አንሳሳትም።

ስፔኖች ስንዴ አመጡ፤ ከስንዴው ጋር በውሃ የሚዞር ወፍጮ አመጡ። ታዲያ ያ ወፍጮ በቆሎውን ለምን አልፈጨም? አርኖልድ ባወር የተባለ አሜሪካዊ የታሪክ ተመራማሪ በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ነገር መርምሯል። አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ የስንዴ ወፍጮ ደረቅ ነገር ነው የሚፈጨው፤ እርጥቡ ኒሽታማል ሲገባበት ይለጥፈዋል። ይሄ ብቻ ግን አይመስለኝም። ሦስት መቶና አራት መቶ ዓመት መላ ያልተፈለገለት፣ ችግር ነው ብሎ የቆጠረው ሰው ስላልነበረ ይመስለኛል። በነፃ የሚሠራ ጉልበት እያለ ማሽን የሚፈጥር ማን ነው?

አሁን ወደዚያ ገዳይ ነገር እንምጣ። በቆሎ አውሮፓ ሲገባ ዘሩ ገባ፤ ኖራው፣ ሜታቴውና የሴቶቹ ዕውቀት አልተሳፈሩም። ድሃው ገበሬ በቆሎ በብዛት ያፈራል አሉኝ ብሎ ዘራ፣ በደረቁ አስፈጭቶ ጠዋት ማታ በላ። በ1735 ጋስፓር ካሳል የተባለ ስፔናዊ ሐኪም አስቱሪያስ በተባለው አውራጃ ቆዳ የሚያቆስል እንግዳ በሽታ አየ። ጣሊያኖች «ፔላግራ» አሉት። ቆዳ ይቆስላል፣ ሆድ ይለቃል፣ መጨረሻ ላይ አእምሮን ይነካል፣ ይገድላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ የደቡብ አሜሪካ ግዛቶችን፣ ማለትም በዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ያሉትን የጥጥ ድሆች ፈጀ። ከ1914 ጀምሮ ዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር በሽታው ተላላፊ ሳይሆን የምግብ ችግር መሆኑን ለማሳየት ብዙ ደከመ። የጎደለው ኒያሲን መሆኑ የታወቀው በ1937 ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ያች ማንበብ የማትችል እናት በቆሎዋን በኖራ ትቀቅል ነበር፤ ለምን ብትባል እናቴም እንደዚህ ታደርግ ነበር ከማለት ሌላ መልስ አይኖራትም ነበር።

ይህ እየሆነ ሳለ የሜክሲኮ ምሁራን ምን ይሉ ነበር መሰላችሁ? በ1899 ፍራንሲስኮ ቡልኔስ የተባለ የታወቀ ጸሐፊና ፖለቲከኛ የሰው ልጅን በስንዴ፣ በሩዝና በበቆሎ ዘር ከፋፈለው። ሥልጣኔ ያለው ስንዴ በሊታው ዘንድ ነው፣ በቆሎ በሊታው ግን ኋላ ቀር ነው አለ። የአገሩ ድህነት ምክንያት ቶርቲያ ሆነች። ነገሩ የአንድ ሰው ጨዋታ ሆኖ አልቀረም፤ በ1940 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ሳይቀር ጫማ ታደርጋለህ ወይ፣ የስንዴ ዳቦ ትበላለህ ወይ ብሎ ዜጋውን ይጠይቅ ነበር። ሜታቴ በዚያን ጊዜ የድንቁርና ምልክት ነበር፤ ከተሜው እንግዳ ሲመጣበት የሚደብቀው ዓይነት።

በአብዮቱ ዘመን፣ ከ1910 እስከ 1920፣ በየጦሩ ኋላ ሴቶች ይከተሉ ነበር። «ሶልዳዴራ» ይሏቸዋል። ልጅ ያዘሉ፣ ጠመንጃም የያዙ አሉ፤ ሜታቴ የተሸከሙም ነበሩ። ሙሉ ድንጋይ ተሸክሞ በረሃ ማቋረጥ ምን እንደሆነ አስቡት። ያለሱ ግን ሠራዊቱ አይበላም።

በመጨረሻ ማሽኑ መጣ። እርጥብ በቆሎ የሚፈጭ ወፍጮ መጀመሪያ ከተሞቹ ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ገጠሩ ገባ። ከሜክሲኮ ከተማ ብዙ የማይርቀው የቴፖስትላን መንደር በሁለት አሜሪካውያን አንትሮፖሎጂስቶች፣ በሮበርት ሬድፊልድና ከእሱ በኋላ በኦስካር ሉዊስ ስለተጠና ታሪኩ በደንብ ይታወቃል። ወፍጮ ቤት በ1920ዎቹ ሲከፈት ወንዶቹ ተቃወሙ። ጣዕሙ ይበላሻል አሉ። ይሄስ ይሁን። ቀጥለው ግን ሴቷ ሥራ ስትፈታ ምን ልትሠራ ነው፣ ወፍጮ ቤት ተሰልፋ ሐሜት ልታወራ ነው፣ ከቤት መውጣት ከለመደች ማን ይመልሳታል ማለት መጡ። ጉድ እኮ ነው! የጣዕሙ ጉዳይ ሽፋን መሆኑ ገበናው ሲገለጥ ታየ። ሴቶቹ ክርክር አልገጠሙም። ኒሽታማላቸውን በባልዲ ይዘው መሄድ ጀመሩ፤ ወንዱም የበሰለውን መብላት ጀመረ።

ፕሬዚዳንት ላዛሮ ካርዴናስ ከ1934 እስከ 1940 በሥልጣን ላይ ሳሉ መሬት ብቻ አይደለም ያከፋፈሉት፤ በየገጠሩ ለተደራጁ የሴቶች ማኅበራት ወፍጮም ይሰጥ ነበር። ሴቶቹም ይጠይቁ ነበር። ለእነሱ ወፍጮው ከመሬቱ አያንስም። ማስረዳት አያስፈልግም፤ በቀን አራት ሰዓት ማለት በሳምንት ሃያ ስምንት ሰዓት ነው። ከዚያ በ1949 ደግሞ «ማሴካ» የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ፤ ኒሽታማሉን አድርቆ በዱቄት ከረጢት ሸጠው፤ ውሃ መጨመር ብቻ ሆነ። ጣዕሙ አንድ ነው ወይ ያልን እንደሆነ አይደለም፤ እውነቱን መናገር ነው። የዱቄቱን ቶርቲያ የሚያማርር ሜክሲኳዊ ዛሬም ብዙ ነው። ሆኖም ለጣዕሙ ሲል ራሱ የሚንበረከክ ወንድ ከየትም አልመጣም።

ትልቁ ድንጋይ እንዲህ ሲጣል ትንሹ ግን ቀረ። ሞልካሄቴ ከጠረጴዛው አልወረደም። ምክንያቱ ከሥራው ክብደት ጋር ይመስለኛል፤ የአንድ ማዕድ ማባያ በሞልካሄቴ ለመደቆስ አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ቆሞም ይሆናል፣ ተቀምጦም ይሆናል። ጭማቂ መፍጫው ማሽን በየቤቱ ገብቶ እንኳ አላባረረውም። ማሽኑ በስለት ይቆራርጣል፣ አየር እያስገባ አረፋ ያደርገዋል። ድንጋዩ ግን ይጨፈልቃል፤ የቃሪያው ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርቱ ውሃ ይወጣል፣ ቲማቲሙም ሳይደቅ ጎርበጥ እንዳለ ይቀራል። እንግሊዛዊቷ ዳያና ኬኔዲ፣ ከ1972 ጀምሮ ስለ ሜክሲኮ ምግብ ብዙ መጻሕፍት የጻፈችውና በ2022 በ99 ዓመቷ ያረፈችው፣ ለሞልካሄቴ ጥብቅና ከቆሙት አንዷ ነበረች።

በ2010 ዩኔስኮ የሜክሲኮን ባህላዊ ምግብ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረ፤ ሰነዱ መፍጫ ድንጋዮቹንም በስም ይጠራል። ከቡልኔስ እስከ ዩኔስኮ አንድ መቶ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ያኔ ኋላ ቀርነት የነበረው አሁን ቅርስ ሆነ። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ድንጋዩ የተናገሩት የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ እኔም ይኸው ወንበር ላይ ተቀምጬ እየጻፍኩ ነው። ዛሬ ውድ ምግብ ቤቶች ሥጋውን በጋለ ሞልካሄቴ ውስጥ እየተንተከተከ ያቀርቡታል። ለዓይን ያምራል፤ ድንጋዩ ግን ለዚያ አልነበረም የተጠረበው።

ጠራቢዎቹ ዛሬም አሉ። በሃሊስኮ ግዛት ሳን ሉካስ ኤቫንሄሊስታ፣ በጓናሁዋቶ ኮሞንፎርት፣ በፑዌብላ ደግሞ ከፖፖካቴፔትል እሳተ ገሞራ ሥር ያለችው ሳን ኒኮላስ ዴ ሎስ ራንቾስ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ዋነኛ ጠላታቸው ማሽን ሳይሆን ሲሚንቶ ነው። አሸዋና ሲሚንቶ በቅርጽ ተለውሶ፣ ቀለም ተቀብቶ በርካሽ ይሸጣል፤ ገዢው ከማባያው ጋር አሸዋ ይበላል። እውነተኛውም ቢሆን ተገዝቶ በዚያው ቀን አይበላበትም። ደረቅ ሩዝና ድፍን ጨው እየተጨመረ ይፈጫል፣ ይደፋል፣ እንደገና ይፈጫል። ዱቄቱ ግራጫ መሆኑን ትቶ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ድንጋዩ ተሟሸ ይባላል፤ ልክ እንደ ምጣዳችን።

ሜታቴስ ጨርሶ ጠፋ? አልጠፋም። ስኮት ኩክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በኦአሃካ ግዛት የዛፖቴክ ድንጋይ ጠራቢዎችን አጥንቶ በ1982 መጽሐፍ አሳትሟል። እዚያ አገር ሜታቴ ለሙሽራ ይሰጣል፤ አበባና ወፍ ተስሎበት፣ በቀለም አጊጦ። ሙሽሪት እንደ አያቷ ቀኑን ሙሉ አትፈጭበትም። በቆሎዋን ወፍጮ ቤት ትወስዳለች። ሲመለስ ግን ሊጡ ትንሽ ሸካራ ነው፤ ስለዚህ ሜታቴው ላይ አንዴ ታመላልሰውና ወደ ምጣዱ ትሄዳለች።